ተቀባይ ያጣች መኪና

ፋርማሲስቱ ከማለዳ ጀምሮ የግቢውን በር ወለል አድርጎ ከፍቶ የሚጠብቀው ሎቤድ ነበር። ያ ረጅም ተሳቢ ከመንገዱ ጥግ ሲታጠፍ፣ ሠራተኞቹ ሰንሰለቱን ሲፈቱ፣ በሸራ የተጠቀለለችው መኪና በመወጣጫው ላይ ስንዝር በስንዝር ስትወርድ፣ ይህን ሁሉ በሐሳቡ ደጋግሞ አይቶታል። ሸራውን ማን እንደሚገልጥ ሳይቀር ወስኗል፤ እሱ ራሱ ነው፣ ሌላ ሰው እጁን አያስገባም።

የመጣው ግን ሎቤድ አልነበረም። መጀመሪያ ድምፅ መጣ፤ የሚያጉረመርም፣ በራሱ የተማመነ የሞተር ድምፅ። ቀጥሎ ነጯ ባለ ሁለት ወንበር የስፖርት መኪና ጣሪያዋን አጥፋ፣ ታጥባና ተወልውላ፣ በራሷ ጎማ ከጥጉ ብቅ አለች። መሪውን የያዘው ታላቅ ወንድሙ ነው። ክርኑን በሩ ላይ አስደግፎ፣ የፀሐይ መነጽሩን ሰክቶ፣ ዕድሜውን ሙሉ ጭነት ሲጎትት የኖረ ሰው ሳይሆን የሠርግ አጃቢ መስሏል። በሩ ጋ ሲደርስ ክላክሱን ሁለቴ ነካ ነካ አደረገ።

«እሽጉ፣» አለ አጠገቡ የቆመው፣ እንደ እሱ የድሮ መኪና የሚሰበስበው ጓደኛው ጠበቃ ቀስ ብሎ፣ «ይቺ ናት እንዴ ያልተነዳችው?»

ፋርማሲስቱ ዓይኑን ከጎማዎቹ ላይ አላነሣም።

ጠበቃው ፋርማሲስቱን «እሽጉ» የሚለው ዝም ብሎ አይደለም። የድሮ የስፖርት መኪና የሚሰበስቡት ሰዎች ሰብሰብ ሲሉ አንዱ ስለ ሞተር ጉልበት፣ ሌላው ስለ ፍጥነት ያወራል። ፋርማሲስቱ የሚጠይቀው ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው፦ «ተከፍታለች ወይስ እንደታሸገች ናት?» የመድኃኒት ቤት ቋንቋ ነው። ሲስቁበት እሱ አይስቅም። «ቀለም ይቀባል፤ ሞተር ይታደሳል፤ ወንበር ይለበጣል፤» ይላል። «አዲስ መሆን ግን የሚቻለው አንዴ ብቻ ነው። ከተነዳች በኋላ አለመነዳቷን ከየት ታመጣላታለህ?» ይህን ሲል የሚስቁት ሰዎች ዝም ይላሉ፤ እነሱም በልባቸው የሚመኙት እሱኑ ነውና። ብዙ የተነዳች መኪና የሌላ ሰው ታሪክ ናት። ያልተነዳችዋ ግን ጊዜ ረስቶ ያለፋት ትመስላለች። በሯን ስትከፍተው የዚያን ዘመን አየር እንደታፈነ ይቆይሃል፤ ቆዳው፣ ሙጫው፣ ቀለሙ፤ የመጀመሪያው ሰው አንተ ትሆናለህ።

ይቺ ነጭ መኪና ደግሞ የእሽጎች ሁሉ እሽግ ነበረች። የገዛት ሰው መሬት ቀያሽ ነበር። ገዝቷት ብዙም ሳይቆይ ዓይኑ ታመመና ብርሃኑን አጣ። ሚስቱ ልትሸጣት ስትል «በሕይወት እያለሁ አይሆንም» አላት። መኪናዋም ደረቅ መጋዘን ውስጥ ተቀመጠች። ሰውየው ሞተ፣ ሴትየዋ አረጁ፤ መኪናዋ ግን አላረጀችም። ቆጣሪዋ ሺህ እንኳ አልሞላም። ወንበሮቿ ከፋብሪካ የለበሱትን ላስቲክ እንደለበሱ ናቸው። ወለሏ ላይ፣ የሠራተኞች ጫማ እንዳያቆሽሸው የተነጠፈው ወፍራም ወረቀት አልተነሣም። ኮፈኗ ሲከፈት ከሞተሩ ጎን አንድ የፋብሪካ ተቆጣጣሪ «አይቻታለሁ፣ ደህና ናት» ለማለት በሰማያዊ ጠመኔ የጫረው ምልክት አለ። ፋርማሲስቱ ሊያያት የሄደ ዕለት ብዙ ቆሞ ያየው ያን ጠመኔ ነው። አንድ ስሙን የማያውቀው ሰው አንድ ቀን እጁን ዘርግቶ ጫረው፤ ከዚያ ወዲህ ማንም አልነካውም። እሱም አልነካውም። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ነው ያየው።

ሴትየዋን ለማሳመን ብዙ ተመላለሰ። በመጨረሻ እሺ ሲሉት ታላቅ ወንድሙ «ለማምጣቱ አታስብ፤ አንተ መድኃኒት ቤትህን ጠብቅ፤ እኔ ጡረተኛው ምን ሥራ አለኝ፣ ከሎቤዱ ጋር አጅቤያት እመጣለሁ» አለው። ከሱ የተሻለ ሰው ከየት ይመጣል? ዕድሜውን በከባድ መኪና መሪ ላይ የጨረሰ፣ የሰው ዕቃ ጭኖ አንዲት ነገር ያላጎደለ ሰው ነው። ፋርማሲስቱ አደራ ያለው አንድ ነገር ብቻ ነበር። «ጋሼ፣ ሞተሯ እንዳይነሣ። ተገፍታ ትጫን፣ ተገፍታ ትውረድ።» ይህን በስልክ ብሎታል፣ ፊት ለፊት ብሎታል፣ አውቶቡስ ሲሳፈርም በመስኮት ብሎታል።

ታላቅየው ግቢ ገብቶ ሞተሩን አጠፋና ወገቡን እያሻሸ ወረደ። «ምነው፣ ለቅሶ ቤት የመጣሁ አስመሰላችሁት። ማሙሽ፣ ና እንጂ ሳመኝ።»

የፋርማሲስቱ ሽበት ከጆሮው በላይ ከወጣ ቆይቷል፤ ለታላቅ ወንድሙ ግን ዛሬም ማሙሽ ነው።

«ሎቤዱ የታለ?» አለ ሳይንቀሳቀስ።

«ሰደድኩት። እነዚያ ዋልጌዎች በሰንሰለት ጠፍረው እንደታረደ በሬ ሊጎትቷት ነበር። እኔ ስንቱ ጭነት ሲንሸራተት ያየሁ ሰው ነኝ፤ ያንተን ዕቃ ለነሱ ላስረክብ? ራሴ አመጣኋት። ቀስ ብዬ፣ እንደ እንቁላል ይዤ።»

«ሁሉንም መንገድ?»

«ታዲያ ግማሹን ልሸከማት?»

ጠበቃው ሳቁን በሳል አሳለፈው። ፋርማሲስቱ ወደ መኪናዋ ተጠግቶ በሩ ላይ አጎነበሰ። ቆጣሪውን አየ፤ ወዲያው ዓይኑን አነሣ፤ መልሶ አየ፤ ያው ነው። ወንበሮቹ እርቃናቸውን ናቸው።

«ላስቲኩስ?»

«የቱ?»

«የወንበሩ።»

«ኧረ እሱ። ጀርባዬን አላበኝ፣ ቀድጄ ጣልኩት። ሰው አልጋ ገዝቶ ከነማዳበሪያው ይተኛል?»

«ወለሉ ላይ የነበረውስ ወረቀት?»

«ዘይቱን ስለካ እጄን ጠረግሁበት። ጥሩ ወረቀት ነው፣ ይመጥጣል።»

ፋርማሲስቱ ወደ ፊት ዞሮ ኮፈኑን ከፈተ። የሞተሩ ብረት እንደ ድስት ክዳን ያብለጨልጫል። ጠመኔው በነበረበት ቦታ ላይ ምንም የለም። ጣቱን እዚያ ላይ አሳረፈ፤ የዛሬ ስንት ወር ያልደፈረውን።

«እዚህ ጋ ሰማያዊ ነገር ነበረ።»

«እሱ አደከመኝ ባክህ፤» አለ ታላቅየው ኩራት ኩራት እያለው። «ላቫጆ ቤት ልጆቹ በሳሙና ቢሉት አልለቅ አለ። ራሴ በእርጥብ ጨርቅ ፈትጌ ፈትጌ አስለቀቅሁት። ደግሞ ጎማዎቹን ተመልከት፤ ምስጋናዬን የምቀበልበት እሱ ነው። የነበሩት ደርቀው እንደ ክረምት ተረከዝ ተሰነጣጥቀዋል። ጎሚስታው አይቷቸው ‹አባባ፣ እዚህ የደረሱት በጎማ አይደለም፣ በጸሎት ነው› አለኝ። አራቱንም ቀየርኩልህ። ስጦታዬ ነው።»

«የድሮዎቹ የት አሉ?»

«እዚያው ትቻቸው መጣሁ። ምን ያደርጉልሃል?»

ጠበቃው አንገቱ ላይ ባንጠለጠለው ካሜራ መኪናዋ ስትወርድ ፎቶ ሊያነሣ ነበር የመጣው። አሁን ክዳኑን ፈልጎ ካሜራው ላይ ቀስ ብሎ ገጠመው። ያቺ ቀጭን የክዳን ድምፅ ለፋርማሲስቱ ከስድብ ሁሉ የከፋች ሆነችበት።

«አይዞህ፤» አለው ጠበቃው ትከሻውን ነካ አድርጎ። «አሁንም ቆንጆ ናት። ለመንሸራሸሪያ።»

ታላቅየው ሁለቱን ተራ በተራ አየ። «ምን ሆናችኋል? ሹፌር መኪና ሲያስረክብ አጥቦ ነው፤ ዘይቷን አይቶ፣ ጎማዋን አይቶ፣ ነዳጇን ሞልቶ ነው። ለባዕድ ቆሻሻ መኪና አስረክቤ አላውቅም፣ ለገዛ ወንድሜ ልጀምር?»

«ሞተሯ እንዳይነሣ ብዬህ ነበር።»

«ብለሃል።»

«አልነበረም ያልኩህ? በመስኮት እየሮጥኩ አልነበረም ያልኩህ?»

«ብለሃል አልኩህ እኮ። ሁኔታው ግን…»

«ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ፤» አለ ፋርማሲስቱ። «ንቀት ነው። ስሙ ሁኔታ አይደለም፣ ንቀት ነው።»

ድምፁ ከፍ ሲል ሚስቱ ከቤት ወጥታ ደጃፉ ላይ ቆመች። እሱ አላያትም።

«ዕድሜዬን ሙሉ አንተ የለበስከውን ነው የለበስኩት።»

«ልብስን አሁን ምን አመጣው?»

«ኮቱን ለብሰህ ክርኑ ሲሳሳ ለኔ። ጫማውን ተረከዙን በልተህ ለኔ። ደብተርህን በላጲስ አጥፍተው ለኔ፤ ያንተ የሂሳብ ስህተት ከሥር እየታየኝ ነው የተማርኩት። የገላ ውሃ እንኳ ሰው ሁሉ ታጥቦበት ሲደፈርስ ነው ተራዬ የሚደርሰው። አስተማሪው ስሜን አያውቅም፣ ‹የእገሌ ወንድም› ነው የሚለኝ።»

«ማሙሽ፣ የሁላችንም ኑሮ እንደዚያው ነበር። ያ ኮት ለኔም አዲስ አልነበረም። የአባባ ኮት ተቆርጦ የተሰፋ ነው፤ ብብቱ የሱን ላብ ይሸት ነበር።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ይህ ነገር ፋርማሲስቱን ያስቆመው ነበር። ቁጣ ግን ጆሮ የለውም።

«በዚህ ምድር ላይ ከኔ በፊት ማንም ያልተቀመጠበት አንድ ወንበር ፈለግሁ። አንድ። እሱንም ቀድመህ ተቀመጥክበት። ለብሰህ፣ አልበህ፣ አጥበህ አመጣህልኝ። ውሰዳት። አልቀበልህም።»

ታላቅየው የፀሐይ መነጽሩን አወለቀ። ያለ መነጽሩ ፊቱ ደክሟል፤ ረጅም መንገድ የነዳ ሰው ፊት ነው። ከድካሙ ሥር ግን ሌላ ነገር ሲቀላ ታየ። እነዚህ ሁለት ወንድማማቾች በመልክ አይገናኙም፣ በቁጣ ግን አንድ እናት እንደወለደቻቸው ያስታውቃሉ።

«አልቀበልም ነው ያልከው?»

«አልቀበልም።»

«እማኝ አለ፤» አለ ወደ ጠበቃው በአገጩ እያመለከተ። «መልካም። ተቀባይ ያልተቀበለው ጭነት ወደ ላኪው ይመለሳል። የመንገድ ሕግ ነው። ለሴትየዋ እመልስላቸዋለሁ።»

«ማለት?»

ማለቱን በቃል አላብራራም። ኮፈኑን ጥርቅም አድርጎ ዘጋው፤ ገባ፤ አስነሣ። በግቢው በር ወደ ኋላ ሲወጣ አንዴም አልተሳሳተም፤ መስተዋት እንኳ አላየም። ነጯ መኪና ጥጉ ጋ ደርሳ ታጠፈች፤ ድምፁ ብቻ ቀረ፤ ማርሽ ሲቀየር ድምፁ አንድ ደረጃ ዝቅ ይልና መልሶ ይነሣል፣ ዝቅ ይልና ይነሣል። ፋርማሲስቱ የገዛ መኪናው ድምፅ እንዲህ መሆኑን የሰማው ያኔ ነው።

«እንግዲህ፤» አለ ጠበቃው ሰዓቱን እያየ፣ «በሕግ ደረጃ ሰውየው ያን ያህል አልተሳሳተም።»

«ሂድልኝ።»

ጠበቃው ሄደ። ሚስቱ ግን ከደጃፉ አልተነቃነቀችም። ፋርማሲስቱ ስልኩን አውጥቶ ደወለ፤ ይጠራል፤ አይነሣም። ደግሞ ደወለ።

«አያነሣም፤» አለች። «መሪ ላይ ሆኖ ስልክ አያነሣም። የእናቱን መርዶ ሊነግሩት ሲደውሉለት እንኳ አላነሣም።»

«እየቀለደ ነው። ሰፈሩን ዞሮ ይመጣል።»

«እሱ? አንተ ወንድምህን ዛሬ ነው እንዴ የምታውቀው? ያን ሁሉ መንገድ መልሶ ይነዳታል። ሴትየዋ ደጃፍ ያቆማታል። ቁልፉን ሰጥቶ በአውቶቡስ ይመለሳል። ከዚያ ወዲያ እዚህ ቤት አይረግጥም።» ዓይኗን ከመንገዱ ላይ አነሣችና እሱ ላይ አደረገችው። «ሽማግሌ ሰው ውሃ እንኳ ሳይቀምስ ከደጅ አባረርክ። ለላስቲክ።»

«ላስቲኩ አይደለም።»

«እኔ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ለሱ ግን የነገርከው ላስቲክ ነው፣ ወረቀት ነው፣ ጠመኔ ነው። የልብህን የነገርከው አሁን ነው፤ በጩኸት፣ በሰው ፊት።»

ፋርማሲስቱ የበለጠ ተናደደ። የቤቱን መኪና ቁልፍ ከግድግዳው ነጥቆ ወጣ።

ከከተማው የሚያስወጣው መንገድ በጭነት መኪና ተጨናንቋል። ፋርማሲስቱ መሪውን ጨምድዶ እየነዳ ለወንድሙ የሚለውን ያጠናል። አንተ ሌባ ነህ ይለዋል። አይ፣ ሌባ አይባልም፤ ሌባ ቢያንስ ሲሰርቅ ይፈራል። አንተ ፈላጭ ቆራጭ ነህ ይለዋል። አባባ ከሞተ ጀምሮ የሁሉንም ድስት የምትከፍት፣ የሁሉንም ደብዳቤ ቀድመህ የምታነብ። እያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ባለፈ ቁጥር ነጯ መኪና ከፊት እንደዚያው እየቆጠረች መሆኗ ትዝ ሲለው ጥርሱን ያፋጫል። እየተከተላት ሳለ እያለቀችበት ነው። ለማዳን በሄደ ቁጥር የሚያድነው ይቀንሳል። እግሩን ሲጭን የቤቱ መኪና ትንቀጠቀጣለች እንጂ አትፈጥንም፤ በሷም ተናደደባት።

ስልኩ ጮኸ። ዳር ይዞ ቆመና አነሣው።

«የት ነህ?» አለ የታላቅየው ድምፅ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ።

«ምን አገባህ?»

«ውሃ ይዘህ ና። ጀሪካን ሙሉ። ትልቁን ዳገት ወጥተህ ሜዳው ላይ ታገኘኛለህ።»

«ምን አደረግካት?»

«እኔ ምንም። ና ብቻ።»

ውሃውን ከመንገድ ዳር ሱቅ ገዝቶ፣ ዳገቱን ወጥቶ ደረሰ። ነጯ መኪና ኮፈኗን ከፍታ ዳር ይዛለች። ከሞተሯ ቀጭን እንፋሎት ይወጣል። ታላቅየው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ በሰንጢ ከአሮጌ የጎማ ካላማዳሪያ ረዘም ያለ ጨርቅ የመሰለ ላስቲክ ይቆርጣል፤ ከየት እንዳገኘው የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። እጁ እስከ ክርኑ ጥቁር ነው።

«የውሃ ቱቦው ፈነዳ፤» አለ ቀና ሳይል። «የቱቦው ጎማ ሞቷል። ስትጫነው እንደ ብስኩት ይፈረፈራል።»

«እኔ ጋ ብትቆም አይፈነዳም ነበር።»

«አንተ ጋ ብትቆም ውሃም አያሻትም። ቱቦው ግን ቆሞም ሞቷል፤ ሳትነዳት፣ ሳልነዳት። አንተ ነህ የገደልከው አትበለኝ።»

«አንተማ ምንም አላደረግህም። አጥበህ፣ ገፈህ፣ ፈትገህ…»

«ያንን አድርጌያለሁ።»

ፋርማሲስቱ በመንገዱ ሁሉ ያጠናውን ፈለገ። ፈላጭ ቆራጭ የሚለውን አገኘው፤ ሊጀምር አፉን ሲከፍት ታላቅየው ሰንጢውን አጥፎ ኪሱ ከተተና ቀደመው። ሁልጊዜ እንደሚቀድመው።

«ሎቤዱ ሰበብ ነው።»

«ምን?»

«ሠራተኞቹ ዋልጌ አልነበሩም። በሥርዓት ነበር ሊጭኗት የመጡት። ሸራም ይዘዋል። አንተ ያልከኝን ሰምቻለሁ፤ አልረሳሁትም፣ አልተሳሳትኩም።» እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ፤ እጁ አልጠራም፣ ሱሪው ጠቆረ። «ሴትየዋ ቁልፉን እጄ ላይ አደረጉልኝ። ትንሽ ቁልፍ ናት፤ የቁም ሳጥን ቁልፍ የምታህል። እስኪ ሞተሯን ብቻ ልስማት አልኩ። ሰማኋት። እስከ በሩ ብቻ አልኩ። ከበሩ ወዲያ መንገድ አለ። እኔ ከኋላዬ ምንም የማይጎትተኝ መኪና ነድቼ አላውቅም፣ ማሙሽ። ሲሚንቶ፣ ብረት፣ ስኳር፣ ሁልጊዜ ከኋላዬ አንድ ነገር አለ። ያኔ ስመጣ፣ ከዚህ ሜዳ ማዶ ያለውን ዳገት ስወጣ፣ እግሬን ነካ ሳደርገው ዝም ብላ ሄደች። ጮህኩ። ብቻዬን መሪ ላይ ሆኜ እንደ እብድ ጮህኩ።»

አንድ የጭነት መኪና አልፎ ንፋሱ ሁለቱንም ገፋቸው። ሹፌሩ ለታላቅየው ክላክስ ሰጠ፤ ታላቅየው ሳያይ እጁን አነሣለት።

«ከዚያ ደነገጥኩ፤» አለ። «ጎማው፣ ላቫጆው፣ ያ ሁሉ ከድንጋጤ የመጣ ነው። ወስጄብሃለሁ፤ አንድ ነገር ሰጥቼ ልሸፍነው ብዬ ነው። ምን እንደምትወድ ግን አላውቅም ኖሯል። የሰጠሁህ ሁሉ መልሶ ከወሰድኩብህ ላይ የሚጨምር ሆነ።»

ፋርማሲስቱ ጀሪካኑን እንደያዘ ቆሟል። ይህ ሰው ተሳስቶ ቢሆን ኖሮ ይቀል ነበር፤ ያላወቀን ሰው ይቅር ማለት የሚያውቀው ነገር ነው፣ በሥራው በቀን ስንቴ ያደርገዋል። እያወቀ የወሰደውን ምን ይሉታል? ቁጣው አልበረደም፤ እንዲያውም ስፍራውን ያገኘው አሁን ነው። እስካሁን በጠመኔና በወረቀት ላይ ተበትኖ ነበር፤ አሁን ተሰብስቦ አንድ ሰው ላይ፣ ድንጋይ ላይ የተቀመጠ ጥቁር እጅ ያለው ሰው ላይ ቆመ።

«ጥሩ ነበር?» አለ።

«ምኑ?»

«ዳገቱ።»

ታላቅየው ሊዋሽ አሰበ፤ ፊቱ ላይ ታየ። ከዚያ ተወው። «በጣም።»

«አምላክ ይይልኝ።»

«ይበለኝ።»

ፋርማሲስቱ ጀሪካኑን አስቀመጠ። ታላቅየው ተነሥቶ ቱቦውን በላስቲኩ ጠቅልሎ፣ ጎትቶ፣ ቋጥሮ አሰረው። ውሃውን ቀስ ብሎ ሞላ። ሁለቱም ኮፈኑ ሥር አንገታቸውን አስገብተው ይንጠባጠብ እንደሆነ አዩ። አልተንጠባጠበም። ፋርማሲስቱ ቀና ሲል እጁን ዘረጋ።

«ቁልፉን አምጣ።»

«ተቀበልክ ማለት ነው?»

«ቁልፉን አምጣ አልኩህ።»

ታላቅየው ሰጠው። ፋርማሲስቱ መሪው ላይ ተቀመጠ። ወንበሩ ለወንድሙ ቁመት ተስተካክሏል፤ ከሥሩ ያለውን ዘንግ ፈልጎ እየታገለ ወደ ፊት ሳበው። ታላቅየው ዞሮ አጠገቡ ገባ። ነጯ መኪና አፍንጫዋ ወደ ሴትየዋ አገር ነው፤ ወደ ቤት ለመመለስ መዞር አለባት፣ ለመዞር ደግሞ የኋላ ማርሽ ያስፈልጋል።

«ያቺስ?» አለ ታላቅየው ወደ ቤቱ መኪና እያመለከተ።

«ትቁም።»

«እሺ። እንግዲህ ፍሪሲዮኗ ጠንካራ ናት። የኋላ ማርሹን ለማግኘት መጀመሪያ ወደ ታች…»

«አትንገረኝ።»

«ቀላል ናት እኮ፣ እጀታውን ጫን ታደርግና…»

«አትንገረኝ አልኩ።»

«ካምቢዮውን ትሰብረዋለህ።»

«ልስበረዋ። ከዚህች መኪና ላይ አንተ ያልነገርከኝ አንድ ነገር ይኑረኝ።»

ታላቅየው አፉን ከፈተና መልሶ ገጠመው። ፋርማሲስቱ አስነሣ። እጀታውን ወደ ግራ ገፋ፤ ከሥር ብረት ከብረት ተፋጨ፤ እንደ ወፍጮ ጮኸ። ታላቅየው ዓይኑን ጨፈነ። ወደ ቀኝ ገፋ፤ ከመጀመሪያው የባሰ ጮኸ። መኪናዋ ወደ ፊት ዘለለችና ጠፋች። እንደገና አስነሣ። የታላቅየው ሁለት እጆች ጉልበቱ ላይ ተጨምድደዋል፤ የቀኝ እጁ ጣቶች ሳያውቀው ማርሹን በባዶ አየር ላይ ያስገባሉ። ፋርማሲስቱ አየው፤ ጣቶቹ ወዲያው ተሰበሰቡ።

ያልፍ የነበረ አውቶቡስ ፍጥነቱን ቀንሶ ረዳቱ በመስኮት አንገቱን አወጣ። «አባት፣ ገና ልምምድ ላይ ናችሁ እንዴ?»

ከታላቅየው በኩል መልስ ሊወጣ ሲል አንገቱ ላይ ያለው ሥር ተነሣ። ዋጠው። ይህን ያህል ጊዜ ዝም ብሎ ተቀምጦ ያውቅ እንደሆነ ማንም አይመሰክርም።

ፋርማሲስቱ ላብ ከግንባሩ እየወረደ እጀታውን ወደ ታች ጫነው፣ ወደ ጎን፣ ወደ ኋላ። አንድ ነገር ልክክ አለ፤ በመዳፉ ተሰማው። መኪናዋ ወደ ኋላ ተንከባለለች፣ አፍንጫዋን አዞረች፣ ከመንገዱ ዳር አፈር አስነሣች። አንደኛ ማርሽ ገባ። ሁለተኛው እየጮኸ ገባ። ዳገቱ አሁን ቁልቁለት ሆኖ ከፊታቸው ተዘረጋ።

ከጎኑ ሳል መጣ።

«ምን አልክ?»

«ምንም። አሳለኝ።»

«አትሳል፤» አለው ፋርማሲስቱ፣ ሦስተኛውን ማርሽ እየፈለገ።